ለፈተና ያቆየሁት ትኩሳት

ሦስት የንስሐ አባቶች ቀብሬአለሁ። ለሦስቱም ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ መጠጡን፣ ቁጣዬን፣ ከሚስቴ ደብቄ የያዝኳትን ሴት ሳይቀር። ይህን ግን ለአንዳቸውም አልተናገርኩም። "የቀረ ነገር አለ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባቴ" እያልኩ እዚህ ደረስኩ። አሁን ያሉት አራተኛው ወጣት ቄስ ናቸው፤ የልጅ ልጄ እኩያ። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ይህንን ማውጣት አቃተኝ። ለእናንተ፣ ፊታችሁን ለማላውቃችሁ ሰዎች መንገር ቀለለኝ። ይህም ራሱ ፍርሃት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ደክሞኛል፣ ከዚህ በላይ ይዤው መሄድ አልችልም።

በጃንሆይ ዘመን ሱሉልታ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚያድል ሰው ነው። ክሊኒኩ የጎጃም መንገድ ዳር ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ሐኪም አልነበረበትም፤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል፣ የከተማው ጸሐፊዎች ደግሞ "ቁስል አጣቢው" ይሉኛል። መቶ ሰው ዶክተር ብሎኝ አንድ ጸሐፊ ቁስል አጣቢ ካለኝ፣ ማታ ይዤው የምገባው የጸሐፊውን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ እኔ።

ከዚህ ስም የሚያወጣኝ አንድ ፈተና ነበር። እሱን ያለፈ ድሬሰር ማዕረጉ ከፍ ይልና የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ይመደባል። የጽሑፉ ፈተና አዲስ አበባ ይሰጣል። ለተግባሩ ግን ፈታኙ ፈረንጅ ሐኪም ማይክሮስኮፑን በላንድሮቨር ጭኖ እያንዳንዳችን ክሊኒክ ድረስ ይመጣል፤ በዚያ ቀን የተገኙትን በሽተኞች እያስመረመረ፣ በሽታው ምንድን ነው፣ ምን ትሰጣለህ እያለ ይጠይቃል። እኔ አንድ ጊዜ ተፈትኜ ወድቄአለሁ። አንዲት ትኩሳት የያዛት ሴት አቀረብኩና ተስቦ ነው አልኩ። ፈታኙ ደሟን በማይክሮስኮፕ አይቶ ግርሻ ነው አለ። ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው፤ ለቀቀ ሲባል ሰንብቶ ይመለሳል። ፈታኙ በሽተኞቹ እየሰሙ "አንተ ገና ነህ" አለኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር፤ ይህቺን ግን አጥርቶ አላት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የተለመዱ በሽታዎችን የሚዘረዝር የእንግሊዝኛ ጥራዝ ነበረኝ፤ ሳል፣ ተቅማጥ፣ የዓይን በሽታ፣ የቆዳ በሽታ፣ ልዩ ልዩ ትኩሳት። ከሥራ ስወጣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ እየሄድኩ አነበንበዋለሁ። አልያዝልኝ ሲል አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ለእያንዳንዱ በሽታ የማውቀውን አንድ ሰው ሰጠሁት። የሳንባ ምች የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሆነ። ትራኮማ ጠላ ሻጯ፣ እከክ የአስተማሪው ልጆች፣ የጨጓራ ቁስለት የዳኛው ሾፌር። ምልክቱን ሳስብ ሰውዬው ይመጣልኛል፤ ሰውዬውን ሳስብ ምልክቱ። ጥሩ ዘዴ ነበር። ችግሩ እየዋለ እያደረ ሰዎቹን መንገድ ላይ ሳገኛቸው የጥራዙ ገጽ ብቻ ይታየኝ ጀመር። ዘበኛው ሰላም ሲለኝ እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ቀልድ ይመስለኛል፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ለሁሉም በሽታ ሰው ነበረኝ፣ ለግርሻ ብቻ አልነበረኝም።

የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን ቶላ የሚባል ገበሬ መጣ። ከሱሉልታ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ገና ወጣት ሰው ነበር። ሚስቱ ጌጤ ደግፋ ነው ያመጣችው። ትኩሳቱ በድንገት ነው የጀመረው፤ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጭንቅላቴን ፈለጠኝ፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጣጠመኝ አለ። ዓይኑን ገልጬ አየሁት፣ ቢጫ መትቶታል። ሆዱን ዳሰስኩት፣ ጣፊያው አብጦ ሲነካ ያመዋል። ጋቢውን ሳነሳ በስፌቱ ላይ ቅማሉ ተደርድሯል። ጥራዙ ላይ ያለው ሁሉ ከነቅደም ተከተሉ ሰው ሆኖ ፊቴ ተቀምጧል። ግርሻ መሆኑን አወቅኩ። አልተጠራጠርኩም። በዚህች ነጥብ ላይ እንዳታግዙኝ፤ ተሳስቶ ይሆናል አትበሉልኝ። እኔ አውቄዋለሁ።

ፔኒሲሊኑ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር። አላለቀም፣ ጊዜውም አላለፈበትም። ቁልፉ በኪሴ ነበር። አንድ መርፌ ይበቃው ነበር።

እንግዲህ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ፈታኙ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የግርሻ ጀርም በደም ውስጥ የሚታየው ሰውየውን ትኩሳት በያዘው ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ ብወጋው ይድናል፣ ፈታኙ ሲመጣ የማሳየው ነገር አይኖረኝም። ካልወጋሁት ትኩሳቱ በአንድ ሁለት ቀን በራሱ ይለቀዋል፤ ሳምንት ሰንብቶ ይመለሳል፤ ልክ ፈታኙ በሚመጣበት ጊዜ። ያን ጊዜ የጣለኝን በሽታ ከነበሽተኛው አዘጋጅቼ አቀርብለታለሁ። አብዛኛው ሰው ሳይታከምም ይድናል ይላል ጥራዙ። ቀጥሎ ግን በአንዳንዱ ላይ ልብ ይደክማል፣ ሞትም ይከተላል ይል ነበር። እሱንም አንብቤዋለሁ። በቃሌ እወጣዋለሁ።

አስፕሪን ሰጠሁት። እኔ፣ ቁልፉ በኪሴ ያለ ሰው፣ አስፕሪን ሰጠሁት። ልብሱን ቀቅሉ፣ ጋቢውን በፈላ ውኃ ንከሩ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ለምን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። "በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ሐኪም ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ያን ቀን ተመልሰህ ና" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ለሱ ያሰብኩለት መስሎታል።

በሦስተኛው ቀን ገደማ ጌጤ ብቻዋን መጣች። ፊቷ በርቷል። ትኩሳቱ ሌሊት በላብ አጥምቆት ለቀቀው፣ ዛሬ ተነስቶ ደጅ ተቀመጠ አለችኝ። እንደዚህ ያለ መድኃኒት ዓይቼ አላውቅም አለች፤ አስፕሪኑን ነው። ምን ላብላው ብላ ጠየቀችኝ። ወተት ስጪው፣ እንቁላልም ጨምሪበት አልኳት። ደነገጠች። ጾም ነው፣ አማቴ አዴ ወርቂቱ በጾም ነገር ጥብቅ ናቸው፣ ቤታችን ላሟ ብትታለብም ወተቱ ለቅቤ ነው የሚጠራቀመው አለችኝ።

"የታመመ ሰው ጾም የለበትም" አልኳት። "ቄሱም ይህንኑ ነው የሚሉሽ። እኔ አዝዤሻለሁ፣ ስጪው።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለች።

ምክሩ ትክክል ነበር። ከበሽታ ለሚያገግም ሰው ወተት መልካም ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ። ነገር ግን ለምን አጥብቄ ያዝኳት? ለቶላ ብዬ ነው? ወይስ በፈተናው ቀን በእግሩ መጥቶ እንዲቆምልኝ ብዬ? መልሱን ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

የፈተናው ቀን ሲነጋ ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ላንድሮቨሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ፈታኙ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ አጠገብ ተከለ። እኔ ደጅ ደጁን አያለሁ። ረፈድ ሲል አራት ሰዎች ቶላን በቃሬዛ ተሸክመው ብቅ አሉ። ጌጤ ቆዳ ይዛ ዝናቡን እየከለለችለት ትከተላለች። ማታ ነው የተመለሰበት፣ ከበፊቱ ባሰ አሉኝ። ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ሌላ ቃል ብፈልግለት አላገኘሁም፤ ደስ አለኝ።

የጣቱን ጫፍ ወግቼ ደም ወሰድኩ፣ መስታወቱ ላይ ቀባሁ፣ በቀለም ነከርኩት። ፈታኙ ብዙ ካየ በኋላ ለኔ ለቀቀልኝ። እንደ ተጠማዘዘ ክር የመሰሉ ነገሮች በደም ሕዋሳቱ መሃል አየሁ። ግርሻ ነው አልኩ፣ ከተስቦ የሚለይበትን፣ ከወባ የሚለይበትን፣ የሚሰጠውን መድኃኒትና መጠኑን አከታትዬ ተናገርኩ። ፈረንጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ይህን ሰው ከዚህ በፊት አይተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁትም አልኩ። ጌጤ እዚያው አጠገቤ ቆማለች፤ በእንግሊዝኛ ስለነበር የምንነጋገረው አልገባትም።

መርፌውን ወጋሁት። የግርሻ መርፌ ሥራውን ሲጀምር ሰውነት በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ አሻቅቦ ከዚያ ይወርዳል፣ ልብም አብሮ ይደክማል። ብርቱ ሰው ይችለዋል። ፈታኙ አስተኝተህ ተከታተለው፣ እንዳይነሳ፣ ውኃ ስጠው ብሎኝ ቀን ሳለ መንገዱ ሳይዘጋበት ሄደ። ያለኝን ሁሉ አደረግኩ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ያጎደልኩት የለም፤ የጎደለው ከዚያ በፊት ነበር። የመጀመሪያው ዙር አድክሞት፣ ሁለተኛው ጨምሮበት፣ ያን መንቀጥቀጥ የሚችልበት አቅም አልቀረውም። ሳይመሽ ዐረፈ። ጌጤ እግሩን ይዛ ነበር፤ መሞቱን ያወቀችው ከኔ በኋላ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው በደሌ ይህ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ከቀብሩ በኋላ የሠራሁት ነው።

በአገራችን በሽተኛ ተሽሎት ሕመሙ ከተመለሰበት፣ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን በላ? ማን አበላው? ወይ ፀሐይ መትቶታል፣ ወይ ያልሆነ ነገር ቀምሷል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር ተኝቷል ይባላል። ሁልጊዜ አንድ ያስታመመ ሰው ይጠየቅበታል፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ መርፌው ነው የገደለው የሚል ሹክሹክታ ነበር። እኔም ሰምቼ ፈርቻለሁ፤ ማዕረጉ ሳይጸድቅ ክስ ቢነሳስ ብዬ። በኋላ አንዲት ጎረቤት ጌጤ በጾሙ ወተት ስታሞቅ አይቻለሁ አለች። ወሬው ወዲያው ዞረ። በጾም ወተት አጠጥታ አስገረሸችበት ተባለ።

ጌጤ አልካደችም። ድሬሰሩ ነው ያዘዘኝ አለች። በሰልስቱ ቀን ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጠብቀውኝ ነበር። ትልቁ ኦቦ ገመቹ ናቸው። አዴ ወርቂቱ መሬት ተቀምጠዋል። ጌጤ ከወደ ጥግ ናት፤ ገና ድክ ድክ የምትል ሴት ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንጠይቅዎ ነው፤ ዱጋውን፣ እውነቱን ይንገሩን" አሉኝ ኦቦ ገመቹ። "ይህቺ ልጅ በጾም ወተት ስጪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት ትላለች። ብለዋታል?"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አዎ ብል ምን ይመጣ ነበር? ወተቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብል፣ ግርሻው ከወተት እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ከወተት ካልሆነ ከምንድን ነው ይሉኛል። መድኃኒት የለውም ወይ ይሉኛል። አለው። ታዲያ ለምን አልሰጠኸውም? አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ቁም ሣጥኑ ድረስ ይዞኝ እንደሚሄድ ታየኝ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንዴ ትንፋሽ እስክወስድ ድረስ ነው።

"ቀለል ያለ ነገር ስጪው ነው ያልኳት" አልኩ። "በጾም ወተት ስጪው አላልኩም።"

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ" አሉ አዴ ወርቂቱ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ጌጤ ቀና ብላ አየችኝ። "ብለውኛል" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ማን ይሰማታል? እኔ ነጭ ጋዎን የምለብስ፣ መንግሥት የቀጠረኝ ሰው ነኝ፤ እሷ ባሏን በጾም ወተት የገደለች ሴት ናት። ኦቦ ገመቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ንፍሮ ቀረበልኝ፤ በላሁ።

አርባው እንኳ ሳይወጣ ከቤቱ አስወጧት። ልጅቷን አዴ ወርቂቱ አልሰጥም አሉ፤ የልጄ ልጅ ልጄን ከገደለች ጋር አትሄድም አሉ። ጌጤ ወደ ቤተሰቦቿ በቡራዩ በኩል ሄደች ሲባል ሰማሁ። የሄደች ቀን በክሊኒኩ ደጅ አለፈች የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አላየኋትም። ውስጥ ነበርኩ፣ በሩን ዘግቼ።

ፈተናውን አለፍኩ። በግርሻ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ ተነገረኝ። ሰበታ የጤና ጣቢያ ኃላፊ አድርገው መደቡኝ። መብራት ያለበት ቤት፣ ከሥሬ ሁለት ድሬሰሮች፣ የስም ሰሌዳ በበሬ ላይ። ቁስል አጣቢ የሚለኝ ጠፋ። ግርሻ የያዘው ሰው ሲመጣ ሳልውል ሳላድር እወጋዋለሁ፣ ልብሱን አስቀቅላለሁ፣ ቤተሰቡን ሁሉ አስጠርቼ እመረምራለሁ። ስንቱን አድኛለሁ። ይህን የምነግራችሁ በሚዛኑ በሌላው በኩል እንድታስቀምጡልኝ አይደለም። ባስቀምጠው ባስቀምጠው የቶላ በኩል አልነሣ እንዳለኝ እኔ አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ ልሂድ ብዬ ተነስቼ ነበር። ወደ ቡራዩ ሄጄ ጌጤን ፈልጌ፣ ወደ ሱሉልታ ይዣት ወጥቼ፣ ለኦቦ ገመቹ እውነቱን ልናገር። ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ በሽተኛ መጣ። በሽተኛ ሁልጊዜ ይመጣል። በሽተኛ ባይመጣ ሌላ ምክንያት አላገኝም ነበር?

ከዓመታት በኋላ፣ እዚያው ሰበታ፣ አንድ ጠዋት ተረኛ ብዬ ስጣራ አንዲት ሴት ገባች። ከስታለች፣ ነጠላዋ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ምንሽን ያምሻል አልኳት። አላወቅኳትም።

"አላመመኝም" አለች። "የቶላ ሚስት ነኝ፣ የሱሉልታው። ዓለም ገና ነው ያለሁት፣ መንገድ ዳር ሽንኩርት እሸጣለሁ። እዚህ መሆንዎን ሰዎች ነገሩኝ።"

ብዕሩን አስቀመጥኩ። መጣብኝ አልኩ በልቤ። ልትጮህብኝ ነው፣ ሰው ሁሉ ሊሰማ ነው። ግማሽ ልቤ ይኸው ያልቅልኛል ብሎ ነበር። እሷ ግን ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

"ልቆርብ ብዬ ነው" አለችኝ። "ቄሱ መጀመሪያ የበደልሽውን ሰው ሁሉ ዞረሽ ታረቂ አሉኝ። ለቶላ ነፍስ አስቀድሻለሁ። አማቴን እግራቸው ላይ ወድቄአለሁ። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ በሽማግሌ ፊት ስምዎን አነሳሁ። ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ እርስዎ ያላሉኝን ብለውኛል አልኩ መሰለኝ። ብዙ ዓመት ሳስበው ኖርኩ፣ አሁን ያሉኝን ያላሉኝን መለየት አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ብዬሻለሁ። ያን ቀን በዳሱ ውስጥ አንድ ጊዜ "ብለውኛል" ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ "ብዬሻለሁ" ብል ዕዳው ባይከፈልም እሷ ነጻ ትወጣ ነበር። አእምሮዋን እመልስላት ነበር። ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ያ ቃል ሊሆን ይችል ነበር፤ ልጅቷ ያን ጊዜ ከብት ለመጠበቅ ደርሳለች። በሩ ተዘግቷል፣ ከሁለታችን በቀር የሚሰማ የለም። እንኳን ሽማግሌ ድሬሰሮቹም አልነበሩም። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ" አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል እጇን ይዤ አነሳኋት። አዛኝ መስዬ ነው ያነሳኋት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀለለኝ" አለች። እውነትም ስትወጣ አካሄዷ ቀሎ ነበር። ስለ ልጅቷ አልጠየቅኳትም። ከደጅ ሰው ይጠብቃል፤ ተረኛ ብዬ ተጣራሁ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ጡረታ ወጥቼ ዓለም ገና ላይ መንገድ ዳር የሚሸጡትን ሴቶች አንድ በአንድ እያየሁ አልፌአለሁ፤ አገኛታለሁ ብዬ እየፈራሁ ነው የፈለግኳት። እንዲህ ያለ ፍለጋ የትም አያደርስም።

ቶላን የገደለው በሽታ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ዘመኑ ነው፣ ወጣትነት ነው፣ ማንም ሊያደርገው ይችላል የሚልም ይኖራል። አትበሉልኝ። እኔ ነኝ ያቆየሁት። እኔ ነኝ የካድኳት። እናንተንም ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ አንዲት ሴት ነበረች። እሷ በእግሯ ተነስታ ቢሮዬ ድረስ መጣችልኝ፤ ለማኟ እሷ ሆነች፣ ይቅር ባዩ እኔ።